አራቱም ዙር አለፈ

የኮምፒውተር ሆድ ሲከፈት የሚወጣ ሽታ አለ፤ የጋለ አቧራ፣ የሞቀ ላስቲክ፣ ትንሽም የተለበለበ ጸጉር የሚመስል። ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንድ ባለሙያ የቆየ ኮምፒውተር ፈትቶ በብሩሽ ሲጠርግ ያ ሽታ ደረሰኝ። የያዝኩትን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ጥዬ ወጣሁ። አቧራው አፍኗት ነው ብለው ይሆናል። እኔ ግን በልቤ ንፋስ መውጫ ከተማ ነበርኩ፤ ዕድሜዬም አሥራ ሁለት ነበር።

በዚያ ዓመት የቀበሌያችን ትምህርት ቤት አልተከፈተም። እናቴም እርጉዝ ነበረች። መስከረም ላይ ልብሴን በፌስታል ቋጥራ፣ ከአርብ ገበያ ወደ ላይ በሚወጣ ሚኒባስ አሳፍራ እዚያ እንድማር ታናሽ እህቷ ዘንድ ሰደደችኝ። የእናቴ እህት የሻረግ ትባላለች፤ እኔ እትየ ነበር የምላት። ቴክኒክና ሙያ የተማረች፣ ያላገባች፣ ስትናገር ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ነበረች። ወደ መናኸሪያ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ሠርግ እየቀረጸች ፊልሙን ታቀናብራለች። ከመጋረጃው ወዲህ ሱቁ ነው፤ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋችንና ምድጃችን።

ኮምፒውተሩ አንድ ጎኑ ክዳን የሌለው ትልቅ ጥቁር ሣጥን ነበር። በተገለጠው ጎኑ ሽቦውና ማራገቢያው ይታያል። መጀመሪያ ሳየው የታረደ በግ ሆድ መሰለኝና ፊቴን አዞርኩ።

የእትየ ጭንቀት መብራት ነበር። ያን ሰሞን መብራት መጣ ሲባል ለአራት ሰዓት ያህል ቢቆይ ነው። ፊልም ተቆርጦ ተቀጥሎ ሲያልቅ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሁሉንም አንድ ላይ የሚያዋህድበት ሥራ አለ፤ እሱ አራት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው መብራቱ ድርግም ይላል፤ የተሠራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ በማግስቱ እንደገና ከመጀመሪያ። ከጥቅምት ጀምሮ ያልወጡ ፊልሞች ተጠራቀሙ። የሙሽሮች ዘመዶች በገበያ ቀን እየመጡ ደጃፉ ላይ ይቆማሉ።

«ሙሽሪት አርግዛለች እኮ» አለቻት አንዲት የእስቴ ሴት። «ክርስትናውንም አብረሽ ትቀርጪው እንደሆን ንገሪን።»

እትየ ሳቀች። ሴትዮዋ ስትሄድ ግን ወንበሯ ላይ ብዙ ቆየች።

አንድ ቀን ከስልኳ ቀና ብላ፣ «መብራቱን ማስረዘም አልችልም፤ ማሽኑን ግን ማፍጠን እችላለሁ» አለችኝ።

ነገሩ ኦቨርክሎክ ይባላል። እንዲህ ብላ አስረዳችኝ፦ «ፕሮሰሰሩን የኮምፒውተሩ ልብ በይው። የሚመታበት ሰዓት አለው። ፋብሪካው በዚህን ያህል ምታ ብሎ ልኮታል። ከዚያም በላይ መምታት ይችላል፤ ግን ይግላል፤ ሲግል ይሳሳታል። እና ሰዓቱን ትንሽ ከፍ፣ ኤሌክትሪኩን ትንሽ ከፍ፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።»

እኔ የሰማሁት «ሰዓት» የሚለውን ብቻ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀጥ ብዬ የምሄደው ወደ ግድግዳው ሰዓት ነበር። እሱ ከፈጠነ ጥር ቶሎ ይመጣል፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ እናቴን አያለሁ ብዬ ነበር። የግድግዳው ሰዓት ንቅንቅ አላለም።

ሥራዬ ቁጥር መጠበቅ ሆነ። ማሽኑ ሲነሣ እትየ አንድ ቁልፍ ደጋግማ ትጫናለች፤ ባዮስ የሚባል ገጽ ይከፈታል። ሠላሳ አራት የሚለውን የፍጥነት ቁጥር ሠላሳ አምስት ታደርገዋለች። ከዚያ ኮምፒውተሩን በከባድ ስሌት ታስጨንቀዋለች፤ እኔ ደግሞ ጥግ ላይ የሚታየውን የሙቀት ቁጥር አያለሁ። «ሰማንያ ሲያልፍ ጥሪኝ» ትለኛለች። በየግማሽ ሰዓቱ ቁጥሩን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ሌላው ሰው በኅዳር ብርድ መስኮቱን ሲደፍን እኛ ከፈትን። ሣጥኑን መስኮቱ ሥር አስጠግታ ከጉና ተራራ የሚመጣውን ንፋስ አጠጣችው። እኔ ጋቢ ተከናንቤ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ አፍንጫዬ ይፈስሳል፤ ቁጥሩ ግን ወረደ። «የንፋስ መውጫ ብርድ ዛሬ ገና ለአንድ ነገር ጠቀመ» አለች።

ብዙ ጊዜ ወደቀ። ስክሪኑ በድንገት ሰማያዊ ይሆንና ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። አንዴማ ጭራሽ አልነሣ አለ። እትየ ሽቦውን ነቅላ ከሆዱ ውስጥ የሳንቲም ቅርጽ ያላትን ባትሪ አወጣችና መዳፏ ላይ ይዛ ተቀመጠች።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አልኳት።

«ያዘዝኩትን እንዲረሳ እየጠበቅሁ ነው።»

ባትሪዋን ስትመልሳት ምንም እንዳልሆነ ተነሣ። እሷም አልተናደደችም፤ እንደገና ከሠላሳ አምስት ጀመረች። «ፍጥነትማ በአንድ ቀን ይገኛል» ትል ነበር። «መጽናቱን ማወቅ ነው ሳምንት የሚፈጀው።»

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ አርባ ሁለት ላይ ጸና። በዚያ ቀን መብራት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት መጣ፤ ያቺ የእስቴ ሴት የምትጨቀጭቅበት ፊልም ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ አለቀ። መብራቱ ሰባት ሰዓት ላይ ሄደ። እትየ በባዶው ስክሪን ፊት ቆማ ሁለት ጊዜ አጨበጨበች። ስታጨበጭብ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ልደት ሲያልፍ፣ ኮምፒውተሩ የሚሠራውን ለጊዜው የሚይዝበትን ሜሞሪውንም ልታፈጥን ተነሣች። የጥር ሠርግ ሊጀምር ነው፤ ሥራው ሊደራረብ ነው። ይኼኛው ግን አስፈርቷት ነበር። ታላቅ ወንድሟ ቤተ ልሔም የአብነት ትምህርት ቤት የቆየ ስለነበር ነገሩን በዚያ መሰለችልኝ። «የኔታ ቃሉን ይነግሩታል፤ ተማሪው መልሶ ይላል። ፕሮሰሰሩ ከተሳሳተ ወድቆ ይታያል። ሜሞሪ ሲቸኩል ግን እንደ ቸኳይ ተማሪ ነው፤ አንዲት ፊደል ይጥልና መጣሉን ራሱም አያውቅም። የጣለውን ይዞ ይጸናል።»

ለዚህ መፈተኛ አለው። በሰማያዊ ገጽ ላይ ነጭ ቁጥሮች ይሮጣሉ፤ ኮምፒውተሩ ለሜሞሪው ቁጥር ይሰጠዋል፣ መልሶ ይጠይቀዋል። የሳተ እንደሆነ ቀይ መስመር ይወጣል። አራት ዙር ያለ አንድ ቀይ መስመር ካለፈ ይታመናል።

ፈተናውን ለቃና ዘገሊላ ቀን አደረገችው፤ ለበዓል መብራት ስለማይጠፋ። እሷ ሚካኤልን ለሚያጅብ ማኅበር ቀረጻ ነበራት። ካሜራዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ስትወጣ፣ «ትርንጎ፣ ዓይንሽን ከሱ እንዳትነቅዪ። አንድ ቀይ እንኳ ከወጣ መልሼ እቀንሰውና እንደገና እንፈትናለን። ካለፈ ግን ነገ እናትሽ ጋ እልክሻለሁ» አለችኝ።

እናቴ ኅዳር ላይ ወልዳለች። ወንድ ነው ተብሎ በስልክ ሰምቻለሁ። ፊቱን አላየሁትም።

አንደኛው ዙር አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። ከውጭ እልልታውና ከበሮው ይሰማኛል፤ እኔ ግን አልተነሣሁም። ሦስተኛው ዙር ሊያልቅ ሲል አንድ ቀይ መስመር ወጣ። አንድ ብቻ። ከጎኑ አንድ የሚል ቁጥር ተጻፈ።

ጠበቅሁ፤ አልጨመረም። በልቤ ማስላት ያዝኩ። በክፍላችን ከመቶ አንድ የሳተ አንደኛ ነው የሚወጣው። ይኼ ደግሞ ከመቶ አይደለም፤ ከጠዋት ጀምሮ የሮጠውን ቁጥር ማን ቆጥሮት? ከዚያ ሁሉ አንድ መሳት ምን ማለት ነው? እንደገና ከተፈተነ ግን ነገ የለም። ከነገ ወዲያም መብራት የለም። ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ እናቴንም ወንድሜንም ሳላይ ፋሲካ ይደርሳል።

ማሽኑን አጠፋሁት። እትየ በአሥር ሰዓት አቧራ ለብሳ ስትመጣ ደብተሩ ላይ ዜሮ ጽፌ ጨርሻለሁ።

«እህስ?»

«አራቱም ዙር አለፈ» አልኳት። «አንድም ቀይ የለም።»

ግንባሬን ሳመችኝ።

እናቴ ዘንድ አሥር ቀን ቆየሁ። ወንድሜ ጸጉራም ነበር፤ ስይዘው ጣቴን ጨብጦ አይለቅም። ስለ ቀዩ መስመር አንድም ቀን አላሰብኩም። ይህን ባልናገር ደስ ባለኝ፤ ግን እንደዚያ ነበር።

እኔ እዚያ ሳለሁ እትየ ከአርብ ገበያ ማዶ፣ ስማዳ፣ አንድ ትልቅ ሠርግ ቀረጸች። የሙሽራዋ ስም አትጠገብ ነበር። አባቷ አያ ፈንታው የሚባሉ ገበሬ ናቸው፤ ሌላ ልጅ የላቸውም። ሁለት ቀን የተቀረጸውን ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጣ፣ ለቀጣዩ ሠርግ የካሜራውን ካርድ ጠረገችው። ሁልጊዜም የምታደርገው ነው፤ ያሏት ሁለት ካርዶች ብቻ ነበሩ።

የካቲት ላይ ኮምፒውተሩ መታወክ ጀመረ። የከፈተችው ይዘጋል፤ ትናንት የነበረ ፋይል ዛሬ አይነበብም። «ይኼ መብራት አበላሸው» አለች። እኔም መብራቱ ነው ብዬ አመንኩ። እውነቴን ነው፤ ከእኔ ጋር አላገናኘሁትም። አንድ ጠዋት ጭራሽ አልነሣም አለ። ያለውን ሁሉ ለማዳን ስትታገል ሳምንት ፈጀባት። ፊልሞቹ ወጡ፤ ግማሾቹ ግን ሲከፈቱ አረንጓዴና ሐምራዊ አራት ማዕዘን ይሆናሉ፤ ድምፃቸው እንደሚቀደድ አቡጀዲ ነው። አብዛኞቹን ሠርጎች ቀድማ አስረክባ ነበር። ያላስረከበችው የአትጠገብን ነው።

ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሚኒባስ ከአርብ ገበያ ወደ ንፋስ መውጫ ሲወጣ ተገለበጠ። ከሞቱት አንዷ አትጠገብ ነበረች። ባሏ እግሩ ተሰብሮ ተረፈ። እትየ ዜናውን ስትሰማ የያዘችውን መፍቻ አስቀምጣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

አያ ፈንታው በገበያ ቀን መጡ። ረጅም ሰው ነበሩ፤ በራችንን ጎንበስ ብለው ነው የገቡት። ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው፣ የሰጠቻቸውን ዱካ ትተው መሬት ላይ ተቀመጡ። ሐዘንተኛ ናቸው።

«ልጄ» አሏት፣ «ፊልሙ አላለቀም አሉኝ። ሁሉንም አይደለም የምልሽ። ስትወጣ ጉልበቴን የሳመችበትን ብቻ አሳይኝ።»

እትየ ዱካውን ወደ ግድግዳው አስጠጋች።

«ያን ጊዜ አላየኋትም» አሉ። «እንባዬ መጥቶ ነበር። በሰው ፊት እንዳላለቅስ ወደ ምሰሶው ዞርኩ። ቀና ስትል ፊቷ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም። ሰው ሁሉ አይቷል፤ እኔ አላየሁም።»

«አባቴ፣ ተበላሽቷል» አለቻቸው።

«ያለውን አሳይኝ።»

ከፈተችላቸው። እኔ መጋረጃው ጋ ቆሜ ነበር። ዳሱ ታየ፤ እሳቸው ነጭ ለብሰው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ሙሽራዋ በዓይነ ርግብ ተሸፍና መጣች፣ ጎንበስ አለች። ምስሉ እዚያው ቆመ። አረንጓዴ አራት ማዕዘኖች ከታች ጀምረው ወደ ላይ ሸፈኗት። ድምፁ ተሰነጣጠቀ፤ ከስንጥቁ መሐል የራሳቸው ድምፅ፣ «ውለጂ፣ ክበጂ» ሲል ተሰማ። ከዚያ አለቀ።

«ድገሚው» አሉ። ደገመችው። ሦስት ጊዜ አዩት። በሦስተኛው ተነሥተው ስክሪኑ ላይ ጣታቸውን አስቀመጡ።

«ይኼ አረንጓዴው ምንድን ነው?»

«የተበላሸው ነው፣ አባቴ።»

«ከሥሩ እሷ አለች?»

እትየ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «የለችም» አለች። «ጠፍታለች። ከካሜራውም ጠርጌዋለሁ። ሳላጣራ ቸኩዬ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አልተቆጧትም። ዱላቸውን አንሥተው ጎንበስ ብለው ወጡ።

እሳቸው እንደሄዱ እትየ ሁሉንም ወደ ፋብሪካው ቁጥር መለሰች። ጥቂት ቆይታ ግን እንደገና ሜሞሪውን በጥር እንደነበረው አድርጋ ከፍ አደረገችውና መፈተኛውን አስነሣች። ሁለት ዙር ንጹሕ ነበር። በሦስተኛው ቀይ ወጣ፤ ከዚያም ሌላ፤ ከዚያም ሌላ። ደብተሩን አነሣች፤ የእኔን ዜሮ አየችው።

«ትርንጎ፣ ያን ዕለት ስንት ዙር አየሽ?»

መዋሸት አቃተኝ። ነገርኳት። ትመታኛለች ብዬ እጄን ፊቴ ላይ አድርጌ ነበር። እሷ ኮምፒውተሩን አጠፋችና፣ «ቅዳሜ ስማዳ እንሄዳለን» አለች። «እኔን የነገርሽኝን ለእሳቸው ትነግሪያቸዋለሽ።»

እስከ አርብ ገበያ በመኪና፣ ከዚያ ሦስት ሰዓት በእግር። መኪናው ያ ሚኒባስ የተገለበጠበት ቦታ ሲደርስ ተሳፋሪው ሁሉ አማተበ። ቁልቁለቱን ስንወርድ እትየ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርን። የምለውን በልቤ እየደጋገምኩ ነው የሄድኩት፤ አያ ፈንታው ግቢ ስንደርስ አንዱም ቃል አልነበረም።

እሳቸው ደጅ ላይ ሞፈር እየጠረቡ ነበር። ባርከው ተቀበሉን። እትየ ትከሻዬን ይዛ፣ «ይቺ ልጅ የምትነግርዎ አለ» አለች።

ነገርኳቸው። ስለ ቀዩ መስመር፣ ስለ ዜሮው። ሜሞሪ ምን እንደሆነ የገባቸው አይመስለኝም። የዋሸሁት ግን ገባቸው። መጥረቢያውን እንጨቱ ላይ አስቀመጡ።

«ስለ ምን ዋሸሽ?»

«ካለፈ እናቴ ጋ እልክሻለሁ ብላኝ ነበር። ወንድሜ ተወልዶ፣ አላየሁትም ነበር።»

«ሄድሽ?»

«ሄድኩ።»

«አየሽው?»

«አየሁት።»

ሞፈሩን በመዳፋቸው ዳሰሱ። «እንኳን አየሽው» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ምርቃትም አልነበረበትም። እስከ ዛሬ ምን እንደነበረበት አላውቅም።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለእትየ፣ «የአትጠገብ እናት መበላሸቱን አልሰማችም» አሏት። «እየተሠራ ነው ብያታለሁ። ያን ይዛ ነው የምትውለው። ስለ ሥላሴ፣ ከአፋችሁ አይውጣ።»

ይህን ሲሉ የአትጠገብ እናት ከቤት ወጡ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ጸጉራቸውን ተላጭተዋል። እትየን አወቋት።

«ባለ ፊልሟ ናት! አለቀ?»

«ሊያልቅ ነው፣ እናቴ» አለች እትየ።

«ይቺስ?»

«የእህቴ ልጅ ናት። አብራኝ ነው የምትሠራ።»

ሴትዮዋ መጥተው ፊቴ ቁጢጥ አሉ። እጃቸው ሸካራ ነበር፤ አገጬን ያዙኝ። «አንቺ አይተሽዋላ! ያን ቀን እኔ ጓዳ ነበርኩ፤ ከወጡ በኋላ ነው የደረስኩት። የአባቷን ጉልበት ስማ ቀና ስትል፣ ፊቷ ይታያል?»

አያ ፈንታውን አየኋቸው። ሞፈሩ ላይ አቀርቅረዋል። የእትየ እጅ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ አላጠበቀችውም፣ አላላላችውም።

«ይታያል» አልኩ።

«አልቅሳለች?»

«አላለቀሰችም። ፈገግ ብላለች። ትንሽ።»

«ትንሽ!» አሉ ሴትዮዋ ወደ ባላቸው ዞረው። «ትንሽ ነው አለች፣ ሰማህ? እሷ ትንሽ ነው የምትስቅ።»

አያ ፈንታው፣ «ሰማሁ» አሉ።

ሴትዮዋ ፊልሙ ለፋሲካ ይደርስ እንደሆነ እትየን ጠየቋት። እትየ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። እሳቸውም ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ፤ በእፍኛቸው ሙሉ የባቄላ ቆሎ ይዘው ተመለሱና የነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠሩልኝ።

«ለመንገድሽ» አሉኝ። «ፊቷን አይተሽልኛልና።»